ለጠራዡ የተጻፈችው ገጽ

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱብኝ። ነገሩን ግን አልገድፍም። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የሆነው ሁሉ ዓይኔ ላይ ነው፤ ያበላሸሁትም እኔ፣ ያቃናሁትም እኔ ነኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ። ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ከልጄ ከብሌን ጋር እኖራለሁ። አባቷ ትንሽ ልጅ ሳለች ነው ያረፈው። ሥራዬ ሆምኬር ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። በሥራዬ ማንንም አልፈራም። የምፈራው ወረቀት ነው። ከቢሮ የሚመጣ፣ ፊቱ ላይ መስኮት ያለው ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ካየሁ ሳልከፍተው ቀናት ያድራል። አሜሪካ ከመግባቴ በፊት ኬንያ አራት ዓመት ወረቀት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። እዚያ አንድ ነገር ተምሬ ወጣሁ፤ ከጠረጴዛ ወዲያ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ከተቋጠረ፣ ማን አጠፋ ማን አላጠፋ ሳይባል ቶሎ ይቅርታ ይጠየቃል። ይህን ጥበብ መስሎኝ ሃያ ዓመት ይዤው ዞርኩ።

ብሌን ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ትማራለች። የምትማረው ሥነ ጽሑፍ ነው። ነርስነት ይሻላል ብለን ያልወተወትናት ሰው የለም። ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ባገኟት ቁጥር «ልጅቷ ኩፐርቲኖ ኮምፒውተር ኩባንያ ገብታ ትልቅ ሰው ትሆናለች ስንል የሞቱ ፈረንጆች ደብዳቤ ታነባለች!» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ሎንግ ስቶሪ ነው ጋሼ» ብላ ታልፋለች። ከትምህርቷ ጎን በሳምንት ሦስት ቀን እዚያው ሳን ሆዜ፣ አሮጌ መጻሕፍት ብቻ የሚቀመጡበት አንድ የግል ቤተ መጻሕፍት ትሠራ ነበር። ሥራውን ያገኘችው በኮሌጁ በኩል ነው። የሰዎቹ ስም ይቅር፤ በኋላ እንደምታዩት ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወጥ ቤት ድንች እየላጥኩ፣ የያዘችውን ሥራ አወራችኝ።

«እማ፣ ኤግዚቢሽኑ ስለ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ዋን ይር። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ። በዚያ ዓመት የታተመውን ሁሉ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በተርታ እናስቀምጣለን። ካርዶቹን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

«ከዓመት ሁሉ እሱን ለምን መረጡት? ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም! እሱ ነው እኮ ደስ የሚለው። ሰው ጻፈ፣ ሰው አነበበ፣ ሰው ተሰዳደበ።»

ከዚያ እየቆጠረች ነገረችኝ። በክረምቱ አንድ ረጅም ግጥም ወጥቶ እስከ ምሳ ሰዓት ተሸጦ አልቋል። በጸደይ አንድ ወጣት ገጣሚ ጋዜጦቹ ተረባርበው አዋርደውት ሁለተኛ ብዕር አላነሳም። በበጋ አንድ መጽሔት ተጀምሮ አራት ወር ሳይሞላው ተዘግቷል። በመከር ደግሞ አንዲት ሴት በሦስት ክፍል ልብ ወለድ አሳትማ ስሟን ሳትጽፍበት ቀርታለች።

«ለምን ደበቀችው?»

«ፈርታ ይሆናላ።»

«ጎበዝ ናት» አልኩ።

ብሌን ከልቧ ሳቀች። «ደግሞ ይህን ስሚ፣ እማ። ያኔ መጽሐፍ ሳይጠረዝ ነበር የሚሸጠው። በስስ ካርቶን ብቻ። የገዛው ሰው ነው ወስዶ በቆዳ የሚያስጠርዘው።»

ድንቹን አስቀመጥኩት። «እንዴ! እንግዲያ እንደ አያትሽ ያለ ሰው ይፈልጉ ነበራ!»

አባቴ አዲስ አበባ መጽሐፍ ጠራዥ ነበር። ወንድሞቼ ትምህርታቸውን ሲቀጥሉ እኔን ጣቶቼ ቀጭን ናቸው ብሎ ሱቅ አስቀመጠኝ፤ ለስፌት። ዘጠኝ ዓመት ሰፋሁ። የተማሪ መጽሐፍ በሉት፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብ በሉት፣ የሰው የጸሎት መጽሐፍ በሉት፣ በእጄ ያላለፈ የለም። ውስጡ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ገጽ ሲጎድልበት ግን አውቃለሁ። ይህን ለብሌን ብዙ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ምን ብዬ ልንገራት? መጽሐፍ እየሰፋሁ ነው ሳልማር የቀረሁት ልበላት?

ያን ቀን ስልኳን አውጥታ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። በዚያው ዓመት ወደ አገራችን ተጉዞ የነበረ አንድ ፈረንጅ ያሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። ተራራ አለ፣ ከሥሩ ገበያ አለ። ከፊት አንዲት ሴት ጃንጥላ ይዛ በቅሎ ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ኋላ ዞራ የሆነ ሰው ላይ እየጮኸች ነው። አፏን ከፍታለች። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ስትቆጣ!

«ውይ፣ ይቺንማ ሳሎን ብንሰቅላት!» አልኩ።

«አመጣልሻለሁ» አለች እየሳቀች።

በዚሁ ረሳነው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የምንከባከባቸውን ሴትዮ ቁርስ እያበላሁ ስልኬ ጠራ። ብሌን ናት። ትምህርት ላይ ሆና አትደውልልኝም፤ ስለዚህ ማንኪያውን አስቀምጬ አነሳሁት።

«እማ፣ ችግር አለ» አለች። ያቺ የጃንጥላዋ ሴት ሥዕል ከመጽሐፉ ጠፍታለች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገልጠው ቢፈልጉም የለችም። በቦታዋ ቀጭን የወረቀት ቁራጭ ብቻ ቀርቷል፤ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። መጽሐፉን መጨረሻ ላይ ፈርማ የወሰደችው ብሌን ናት። ሥዕሏን ለማየት የጠየቀችውም እሷ፤ ካሉት ሠራተኞች ሁሉ የዚያ አገር ልጅም እሷ። ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሚቲንግ ተጠርታለች። ወሰደች ከተባለ ለኮሌጁ ይጻፋል፤ ከተጻፈ ትባረራለች።

እኔ ምን አልኩ? «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» አልኩ። አንድ ነገር ሳልጠይቃት ስልኩ ተዘጋ።

እዚያው ቆሜ የታየኝ ወጥ ቤታችን ነው። «ሳሎን ብንሰቅላት» ያልኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ብላ ነው፣ አልኩ በልቤ። ለእኔ ብላ ቆርጣዋለች። ልጄን በማላውቀው ነገር ፈርጄባት፣ ወዲያው ደግሞ እንዴት እንደማድናት ማሰብ ጀመርኩ። የእናት ፍርሃት ፈጣን ነው፤ ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጥም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ጋሽ ተካ በር ላይ ነበርኩ። ጋሽ ተካ እዚያው አፓርትመንት ከእኛ በታች ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱ፣ በሰፈራችን ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩ ሽማግሌ ናቸው።

«ወስዳዋለች?» አሉኝ ነገሩን ሰምተው።

«ሳትወስደው አትቀርም ጋሼ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፤ አማረኝ ብያታለሁ።»

«በይ እንግዲያ ስብሰባው ሳይደርስ ነው መሄድ። ሰው ከተሰበሰበ ወዲያ ማንም አይሰማሽም። ነገ ጠዋት እኔው እወስድሻለሁ። ባዶ እጅሽን ደግሞ እንዳትመጪ።»

ረቡዕ ማለዳ ድፎ ጋገርኩ። ጋሽ ተካ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ለብሌን አልነገርናትም። በኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ወደ ሳን ሆዜ ስንወርድ ዳቦው ጭኔ ላይ ይሞቀኛል፤ ጋሽ ተካ የሚናገሩትን ይለማመዳሉ። «ማዳም፣ ዊ ካም ዊዝ ሪስፔክት» ይላሉ ለመኪናው መሪ።

የብሌን አለቃ ሚስስ ሃርፐር ይባላሉ። ሸበቶ፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ናቸው። ድንገት ብንሄድም ቢሮአቸው አስገብተው ወንበር ሰጡን። ጋሽ ተካ ግን አልተቀመጡም፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። እኔም ጎንበስ አልኩ።

«ሺ ኢዝ ማዘር» አሉ ጋሽ ተካ። «ሺ ሴይ ሶሪ። ቬሪ፣ ቬሪ ሶሪ። ገርል ኢዝ ያንግ።»

ሚስስ ሃርፐር መነጽራቸውን አደረጉ። «ሶሪ ፎር ዋት?»

ጋሽ ተካ ወደ እኔ ዞሩ። «ስለምን ነው ይቅርታው? ትላለች።»

«ስለ ሁሉም በሏት።»

«ፎር ኤቭሪቲንግ» አሉ ጋሽ ተካ።

ሴትዮዋ ደብተራቸውን ሳቡና ጻፉ። መጻፋቸውን አልወደድኩትም፤ ግን ልባቸው እየራራ መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ሌላ ጠየቁ።

«ሥዕሏ የት እንዳለች ታውቃለች ወይ? ትልሻለች» አሉኝ ጋሽ ተካ።

«አላውቅም። ግን ትመልሳለች በሏት። እኔ ቃል እገባለሁ። ብቻ ከትምህርቷ አያባርሯት።»

«ሺ ዊል ብሪንግ ባክ» አሉ ጋሽ ተካ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው። «ማዘር ፕሮሚስ።»

እሱንም ጻፉት። ዳቦውን ሳቀርብ ሕንፃው ውስጥ ምግብ አይገባም ብለው በትሕትና መለሱልኝ፤ እስከ በሩ ሸኙን።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ተካ መኪናው ውስጥ። «ልስልስ ብላ ነው ያናገረችን። አልቋል በይው!» ደስ ብሎን መንገዱ አጋማሽ ላይ ያለችው ፍሪሞንት ሳንደርስ የድፎውን ግማሽ ቆርሰን በላነው።

ከሰዓት ብሌን ገባች። ቦርሳዋን አላወረደችም፤ በሩ ላይ ቆመች።

«እማ። ዛሬ ሥራ ቦታዬ ሄደሽ ነበር?»

«ሄጄ ነበር። አይዞሽ፣ ይቅርታ ጠይቄልሻለሁ።»

ስልኳን አውጥታ የመጣላትን ኢሜይል አነበበችልኝ፤ ከዚያ እንደምንም ወደ አማርኛ መለሰችው። እናትሽ ዛሬ መጥተው ሥዕሉን እንደወሰድሽ አምነዋል፤ እንደምትመልሺም ቃል ገብተዋል ይላል።

«እንዲህ አላልኩም!»

«ሶሪ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ትመልሳለች ብለሻል?»

መሬት መሬት አየሁ። «ብያለሁ።»

«እማ! እዚህ ሶሪ ስትዪ አጠፋሁ ማለትሽ ነው! ደብተር ላይ ይጻፋል!»

«እኛ ዘንድ እኮ ነገሩ ይብረድ ማለት ነው። የተበደለውም ቢሆን ይላል። ሽማግሌ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ለክብርሽ ብዬ...»

«አልወሰድኩም!»

በአማርኛ ነው የጮኸችው። ብሌን ሲከፋት እንግሊዝኛ ነው የሚቀናት፤ ያን ቀን ግን በእኔ ቋንቋ ነው የጮኸችብኝ፣ እንዳያመልጠኝ። ቀጥላ በእንግሊዝኛና በአማርኛ እያደባለቀች የተናገረችውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«ሚስስ ሃርፐር እንኳ ጠየቁኝ። "ወስደሻል?" አሉኝ፣ "አልወሰድኩም" አልኩ። ሺ አስክድ ሚ። አንቺ አልጠየቅሽኝም። ቀጥ ብለሽ ሄደሽ ለመንሽ። እናቴ ሌባ ናት ካለች፣ ማን አይደለችም ይላል?»

መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋች። እኔ ሳሎን ቀረሁ። በሩን ለማንኳኳት ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፤ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። አሁን ብጠይቃት ምን ዋጋ አለው? ጥያቄው ጊዜው አልፎበታል።

ሐሙስ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ ሳታየኝ፣ «ነይ» አለችኝ። «ያልሽውን አንቺው ካላነሳሽው ማንም አያነሳውም። ጋሽ ተካ ግን አይናገሩም። እኔ ነኝ የማስተረጉመው።» ጋሽ ተካ ነዱን። እሳቸውን መኪና ውስጥ ትተናቸው ገባን።

ክፍሉ ውስጥ ሚስስ ሃርፐርና ከአስተዳደር የመጣ አንድ ሰው ነበሩ። ሰውዬው ፊት ደብተር አለ። እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ።

«ትናንት የተናገርኩትን ልጄ አልነገረችኝም» አልኩ። ብሌን እየተከተለች ትተረጉማለች። «ወሰድኩ አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም። ከራሴ አምጥቼ ነው።»

ሰውዬው ጠየቀ፤ ታዲያ ለምን ቃል ገባሽ?

«ፈርቼ።»

«ቢኮዝ ሺ ዋዝ አፍሬድ» አለች ብሌን።

ምንን? አለ።

«የእርስዎን ደብተር» አልኩት። ብሌን ለመተርጎም ትንሽ ዘገየች፤ ስትተረጉመው ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ሚስስ ሃርፐር ግን ጨዋታ አላማራቸውም። እንደሚያምኑኝ፣ ነገር ግን የኔ ቃል ቢነሳም መጽሐፉ መቆረጡ እንደማይነሳ ተናገሩ። ትልልቅ ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። መጽሐፉ ተከፍቶ፣ ሥዕሏ በነበረችበት ቦታ ጣት የማያህል ቀጭን ወረቀት ከስፌቱ ውስጥ ብቅ ብሏል። የተቆረጠው ቅሪት ይህ ነው አሉ።

ፎቶውን ወደ እኔ ሳብኩት።

እዚህ ላይ ምን እንደሆንኩ መግለጽ ይከብደኛል። ከዚያ ደቂቃ በፊት የነበረችው ሴት ትንቀጠቀጥ ነበር። ፎቶውን ስትስብ ግን መንቀጥቀጡ ተዋት። ይህን ወረቀት አውቀዋለሁ። ሺህ ጊዜ ሰፍቼዋለሁ።

«ብሌን፣ ይህ የተቆረጠ አይደለም በያቸው።»

«እማ፣ ፕሊዝ...»

«በያቸው!»

ተናገረች። ሁሉም እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ በጣቴ እያሳየሁ ቀጠልኩ። ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ሲታጠፍ ጥንድ ይሆናል፤ ክሩ በእጥፋቱ ያልፋል። ሥዕል ግን ለብቻው በአንድ ወረቀት ስለሚታተም ጥንድ የለውም፤ ክር የሚይዝበት የለውም። ስለዚህ ጠራዡ ቀጭን ወረቀት አጥፎ ከሌሎቹ ጋር ይሰፋና ሥዕሉን በሊጥ ሙጫ እሱ ላይ ይለጥፋል። አባቴ ይህን ቀጭን ወረቀት «ጆሮ» ይለው ነበር። ምላጭ ቢያልፍበት ኖሮ የሥዕሉ ወረቀት ጠርዝ እዚህ ጆሮ ላይ ተጣብቆ ይቀር ነበር። ይኸው፣ ምንም የለም። ቡናማ የሙጫ መስመር ብቻ ነው ያለው። ሙጫው አርጅቶ ለቋታል። ሥዕሏ ሙሉዋን ነው የወለቀችው።

ሚስስ ሃርፐር ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ ከዚያ ብሌንን ጠየቁ። እናትሽ ይህን እንዴት አወቁ?

ብሌን አየችኝ። «አያቴ ጠራዥ ነበር» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሺ ኢዝ ኤ ቡክባይንደር» አለች፤ እሷ ራሷ ጠራዥ ናት ማለቷ ነው።

መጽሐፉ ይምጣ ተባለ። እጄን ታጥቤ በደንብ አድርቄ ተመለስኩ። መጽሐፉ ስፖንጅ ትራስ ላይ ተኝቷል፤ ቆዳው እንደ ተቆላ ነገር ጠቁሯል። የሚገልጡት ሚስስ ሃርፐር ናቸው፣ እኔ በዓይኔ ነው። መጀመሪያ አካባቢ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ዝርዝር ያለበት ገጽ መጣ።

«ይህ ምን ይላል?» አልኳት ብሌንን።

ጎንበስ ብላ አነበበች። «"ለጠራዡ" ይላል፣ እማ። "ሥዕሎቹን እንዲህ አስቀምጥ" ብሎ የገጽ ቁጥር ይዘረዝራል። ለእሱ የተጻፈ ነው።»

አባቴ ትዝ አለኝ። ያ ሁሉ ገጣሚ፣ ያ ሁሉ ጸሐፊ፣ ያ ሁሉ ተሳዳቢ በነበረበት ዓመት፣ ሙጫ የነካው እጅ ላለው ሰው አንዲት ገጽ ተጽፋ ነበር። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ጊዜው አልነበረም። ሥዕሏ የለችምና።

«ማንም ካልቆረጣት የት ናት?» አለ የአስተዳደሩ ሰው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወልቃም ብትሆን የወሰዳት ሰው ሊኖር ይችላል። ብሌን ገና አልዳነችም።

እኔም ራሴን ጠየቅኩ። እጅሽ ላይ ገጽ ቢወልቅ የት ታስገቢዋለሽ? ሱቃችን ውስጥ የወለቀ ገጽ ሜዳ ላይ አይተውም፤ ንፋስ ይወስደዋል። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ የታጠፈ ትልቅ ወረቀት ካለ እሱ ውስጥ ነው የሚገባው።

«ከኋላ የታጠፈ ነገር አለው?»

አለው አሉ፤ ካርታ ነው። ግን አልተከፈተም። ወረቀቱ ስለደረቀ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፤ የሚጠግነው ባለሙያ በሚቀጥለው ወር እስኪመጣ እንዳይነካ ታዟል። ገጾቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሲገልጡ እሱን ብቻ ዘለውታል።

«አትክፈቱት። መጽሐፉን ዝጉልኝ።»

ዘጉት። ጎንበስ ብዬ ከጎን አየሁት፤ ዓይኔን ከጠረጴዛው እኩል አድርጌ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያየው። ገጾቹ እንደ ተደለደለ መሬት ልክ ናቸው። መጨረሻው ጋ ግን፣ ካርታው ካለበት፣ ትንሽ አብጧል። በጣም ትንሽ። ጠራዥ ያልሆነ ሰው አያየውም።

«እዚህ ውስጥ አንድ የማይገባው ነገር አለ» አልኩ።

ሚስስ ሃርፐር ከአጥንት የተሠራ ቀጭን የገጽ ማንሻ አመጡ። እጥፋቱን ሳይዘረጉ በአፉ በኩል ቀስ አድርገው አንድ ጣት ያህል አነሱት። የብሌን ትከሻ ትከሻዬን ነክቶኛል። መጀመሪያ የወረቀት ጠርዝ ታየ፤ ቡናማ የሙጫ መስመር አለው። ከዚያ ጃንጥላዋ ወጣች።

ሴትዮዋ በበቅሎዋ ላይ እንዳለች፣ አፏን ከፍታ እንደጮኸች ነበረች።

ሚስስ ሃርፐር ማንሻውን አስቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ብሌን ዞረው፣ ቆመው፣ «አይ አም ሶሪ፣ ብሌን» አሉ። የአስተዳደሩ ሰው ደብተሩን ከፍቶ የጻፈውን በረጅሙ ሰረዘ። ማን እንዳስገባት በኋላም አልታወቀም። ያን ሰሞን መጽሐፉን ፎቶ ያነሱ ሠራተኞች ወልቃ አግኝተው እንዳትጠፋ ከተዋት ይሆናል ተባለ።

ፓርኪንግ ስንደርስ ጋሽ ተካ መስኮቱን አወረዱ። «እህስ?»

«ተገኘች ጋሼ።»

«ተመስገን! አየሽ፣ ይቅርታው ሠራ!»

«ጋሽ ተካ» አለች ብሌን፣ «ኖ ሞር ሶሪ፣ እሺ?»

ሳቁ። እሷም ትንሽ ሳቀች። እኔ ግን የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ።

«ብሌንዬ፣ በመጀመሪያ ያልጠየቅኩሽን አሁን ልጠይቅሽ።»

ዞራ አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር። «አሁንማ ተገኘች፣ እማ። አሁን ማመን ቀላል ነው።»

ገብተን ሄድን።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ ልጅ ይዛችሁ የሰው አገር የገባችሁ እናቶች፤ ፍርሃታችሁን አልነቅፍም። እኔንም ከብዙ ነገር አውጥቶኛል። ግን ያን ሐሙስ ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ምንም አላውቅም ስል ሃያ ዓመት የኖርኩት ሴት የማውቀው ነገር ነበረኝ፤ ማንም ስላልጠየቀኝ እኔም ራሴን ሳልጠይቅ ኖርኩ እንጂ። ሁለተኛው ይከብዳል። ልጄን ያዳንኳት በእጄ እውቀት ነው፤ ያመንኳት ግን ሥዕሏን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። እናት መሆን ከማየት በፊት ነበር የሚፈለገው። ይህን አዝኜ ብቻ አልነግራችሁም፤ ለውጬዋለሁና ነው የምነግራችሁ።

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ብሌን ሥራዋን ቀጠለች፣ ትምህርቷንም። ከእኔ ጋር ግን ለተወሰነ ጊዜ እንደ እንግዳ ነበርን፤ «ደህና ዋልሽ»፣ «ደህና ዋልኩ»።

ከሁለት ወር በኋላ የአፓርትመንታችን ማናጀር በራችንን አንኳኳ። ምድር ቤት ካሉት ልብስ ማጠቢያ ማሽኖች አንዱ ተሰብሯል። በሩ በኃይል ተገንጥሏል፤ አንድ ጎረቤት ደግሞ ብሌን ስትወጣ አይቻታለሁ ብሏል። ወረቀት ይዟል። እንደ ድሮው «ሶሪ» ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች።

«ዌይት» አልኩትና ወደ ውስጥ ገባሁ።

«ብሌን፣ የልብስ ማሽኑን ሰብረሻል?»

ከመጽሐፏ ቀና አለች። «አልሰበርኩም።»

«እሺ።»

ተመልሼ ወጣሁ። ጋሽ ተካን አልጠራሁም። «ማይ ዶተር ሴይ ኖ» አልኩት።

«ዱ ዩ ሃቭ ፕሩፍ?» ብሎ ማስረጃ ጠየቀኝ።

«አይ አስክ ሄር» አልኩት። «ሺ ሴይ ኖ። ፊኒሽ።»

ወረቀቱን አጥፎ ሄደ። ዞር ስል ብሌን ከኋላዬ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥ ቤት ገብታ ለሁለታችንም ራት ማቅረብ ጀመረች።

ማሽኑን ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔም እስኪታወቅ አልጠበቅኩም።